የመጀመሪያውን ሊኑክስ መምረጥና ፋይል ሳይጠፋ መጫን

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ የተካተተ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ከ8ኛው ትውልድ በፊት የተመረተ የኢንቴል ፕሮሰሰር የያዙ ኮምፒውተሮች፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ በተፈቀደው መንገድ ወደ እርሱ መሸጋገር አይችሉም። በቱሉ ዲምቱና በቆዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች፣ በለገጣፎም ሆነ በሰበታ፣ በየቤቱና በየጽሕፈትና ኮፒ ቤቱ የማያቸው ላፕቶፖች አብዛኞቹ አገልግለው የተገዙና ከዚህ መስመር በታች የቀሩ ናቸው። ማሽኖቹ ግን ገና ብዙ የሚሠሩ ናቸው፤ በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራው ነጻ ሥርዓት ሊኑክስ ቢጫንባቸው ለዓመታት ማሻሻያ እያገኙ ሊያገለግሉ ይችላሉ።

ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በጠቅላላው ሂደት ውስጥ መመለሻ የሌለው እርምጃ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ጫኚው ፕሮግራም በዲስኩ ላይ መጻፍ የሚጀምርበት ቅጽበት ነው። የተሳሳተ ዲስትሮ፣ ማለትም የሊኑክስ ዓይነት፣ ቢመርጡ ሌላ መምረጥ ይቻላል፣ የመጫኛው ፍላሽ ባይሠራ እንደገና ይዘጋጃል፣ የተረሳ ቅንብር ኋላ ይስተካከላል። የተደመሰሰ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ግን አይመለስም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረው አብዛኛው ዝግጅት ከዚያች ቅጽበት በፊት የሚከናወን ነው።

በመጀመሪያ ሊኑክስ ለእርስዎ ሥራ የሚሆን መሆኑን ያረጋግጡ። ኢንተርኔት ለሚጠቀም፣ ደብዳቤና ሪፖርት ለሚጽፍ፣ ፊልም ለሚያይ፣ ቴሌግራም ለሚከፍት፣ ፕሮግራሚንግ ለሚማር ሰው ምንም አይጎድለውም፤ ፋየርፎክስና ሊብሬኦፊስ አብረው ተጭነው ይመጣሉ፣ ቴሌግራምም የራሱ የሊኑክስ ቅጂ አለው። በአንጻሩ ሒሳብ በፒችትሪ የምትሠራ ባለሙያ፣ በአውቶካድ ፕላን የሚያወጣ መሐንዲስ፣ ወይም ፎቶሾፕ ላይ እንጀራው የተመሠረተ ሰው ዊንዶውስን ፈጽሞ ማጥፋት የለበትም። እነዚህ ፕሮግራሞች ለሊኑክስ አልተሠሩም፤ በማስመሰያ ለማስኬድ የሚደረገው ሙከራም ለጀማሪ የሚመከር አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ቢጭን፣ ወይም ሁለተኛ ዲስክ ቢጠቀም ይሻለዋል። ፕሪንተር ያለው ደግሞ ሞዴሉን አስቀድሞ ይፈልግ፤ የኤችፒ ፕሪንተሮች በአብዛኛው ያለ ችግር ይሠራሉ፣ ከካኖን ሌዘር ፕሪንተሮች ግን ከአምራቹ ድረ ገጽ የተለየ ሾፌር፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያሠራ ፕሮግራም፣ የሚጠይቁ አሉ።

ዲስትሮ መምረጥን በተመለከተ ሰው ከሚገባው በላይ ይጨነቃል። ሊኑክስ ራሱ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው የሥርዓቱ እምብርት ሲሆን፣ ዲስትሮ የሚባለው ደግሞ በእርሱ ላይ ዴስክቶፑን፣ ጫኚውንና ፕሮግራሞቹን አሰናድቶ የሚያቀርበው ሙሉ ጥቅል ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ዲስትሮዎች ቢኖሩም ለጀማሪ ከሁለቱ መካከል መምረጥ ይበቃዋል። የእኔ ምክር ሊኑክስ ሚንት ነው። ከታች በግራ በኩል ያለው ሜኑና የተግባር አሞሌው ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው ወዲያው የሚገባ ነው፤ የፋይሉ መጠን ወደ 3 ጊጋባይት የሚጠጋ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ይቀላል፤ የሚንት 22 ተከታታይ እትሞችም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ያገኛሉ። ሚንት በሦስት ዓይነት ዴስክቶፕ ይመጣል፤ ራሙ 4 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ለሆነ ማሽን ሲናሞን የተባለውን፣ 2 ጊጋባይት ብቻ ላለው ወይም በጣም ለዘገየ ማሽን ደግሞ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ይውሰዱ። ሁለተኛው አማራጭ ኡቡንቱ ነው። አዲስና 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ለያዘ ሰው በጣም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ፋይሉ ከሚንት በእጅጉ ይከብዳል። ኡቡንቱን የሚመርጡ ከሆነ በየሁለት ዓመቱ በሚያዝያ ወር የሚወጣውንና ኤልቲኤስ የሚል ምልክት ያለበትን እትም ይውሰዱ። ፕሮሰሰሩ 32 ቢት ብቻ የሆነ አሮጌ ማሽን ግን ሁለቱንም አይቀበልም።

ካሊ ሊኑክስን እንደ መጀመሪያ ሥርዓት መጫን በወጣቶቻችን ዘንድ የተለመደ ሆኗልና በግልጽ ልናገር። ካሊ የተሠራው ለደኅንነት ፈታሾች ነው፤ አዘጋጆቹ ራሳቸው ሊኑክስን ለማያውቅ ሰው እንደማይመክሩት በመመሪያቸው ላይ ጽፈዋል። ያን ሙያ የመማር ፍላጎት ያለው ወጣት በሚንት ቢጀምር ወደዚያው ይደርሳል፣ በመንገዱ ላይም ተስፋ አይቆርጥም።

ፋይሉን ከራሱ ከዲስትሮው ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ። ሚንት ሊኑክስሚንት ዶት ኮም ላይ፣ ኡቡንቱ ደግሞ ኡቡንቱ ዶት ኮም ላይ ይገኛሉ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ለሚያስቸግረው ሰው በቶረንት፣ ማለትም ፋይሉን ከብዙ ኮምፒውተሮች በቁራጭ በቁራጭ በመቀበል፣ ማውረድ የተሻለ ነው፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ከቆመበት ይቀጥላል፣ እያንዳንዱን ቁራጭም ትክክለኛነቱን እያረጋገጠ ይቀበላል። ፋይሉን ከጓደኛ በፍላሽ መቀበልም ነውር የለበትም፣ ዳታም ይቆጥባል። ሆኖም በየትኛውም መንገድ ቢመጣ፣ ድረ ገጹ ላይ ከተጻፈው ኤስኤችኤ256 ከተባለው ረጅም የማረጋገጫ ቁጥር ጋር ያስተያዩት። የካቲት 2008 ዓ.ም. ላይ ሰርጎ ገቦች የሚንትን ድረ ገጽ ሰብረው የማውረጃውን ሊንክ ተንኮል ወደ ተቀበረበት ፋይል አዙረውት እንደነበር ማስታወስ፣ ይህች የጥቂት ደቂቃ ማስተያየት ለምን እንደምታስፈልግ ያሳያል። ማስተያየቱን የወረደውን ፋይል ለመጫኛ ወደ ፍላሽ በሚጽፉበት በሩፈስ ፕሮግራም ማድረግ ይቻላል፤ ፋይሉን ከመረጡ በኋላ ከመምረጫው አጠገብ ያለችውን የራይት ምልክት ሲጫኑ ቁጥሩን አስልቶ ያሳይዎታል። አንዲት ፊደል እንኳ ከተለየች ፋይሉን ያጥፉትና እንደገና ያውርዱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ፋይልን ወደ ማዳን እንመጣለን። ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ይዘው ወደ እኔ ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ይህ ዲስክ አሁን ቢቃጠል የሚያስለቅስዎ ምን አለበት?» ብዬ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ከሰነዶች ፎልደር ውጭ የተቀመጠ ነገር ነው። ዴስክቶፑ ላይ የተዘረገፈውን ሁሉ፣ ዳውንሎድስ ፎልደርንና በውስጡ ያለውን የቴሌግራም ዴስክቶፕ ፎልደር፣ ዲ በተባለው ክፍል ውስጥ የተቀመጡትን ፊልሞችና ፎቶዎች፣ ብሮውዘሩ ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃላትንና ሊንኮችን፣ ፒችትሪ የሚጠቀም ከሆነም ፕሮግራሙ በራሱ ሜኑ የሚያወጣውን ባክአፕ ይሰብስቡ። ዲ የተባለው ክፍል ከሲ የተለየ ስለሚመስል ብዙ ሰው አይነካም ብሎ ያምናል፤ ነገር ግን ሁለቱ በአብዛኛው የአንድ ዲስክ ክፍልፋዮች ናቸው፣ ዲስኩ ሲደመሰስ ሁለቱም ይሄዳሉ።

የሰበሰቡትን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። ከዚያ ያንን ሃርድ ዲስክ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ከየፎልደሩ ጥቂት ፋይሎችን በእርግጥ ይክፈቱ፤ ስማቸው መታየቱ ብቻ አይበቃም። በተለይ በፍላሽ ባክአፕ ለሚያደርግ ሰው ይህ ግዴታ ነው፤ በገበያ ላይ 128 ጊጋባይት ተብለው የሚሸጡና በውስጣቸው ከዚያ እጅግ ያነሰ ቦታ ብቻ ያላቸው ፍላሾች አሉ። እነዚህ ፋይሉን የተቀበሉ ይመስላሉ፣ ሲከፈት ግን ባዶ ወይም የተበላሸ ሆኖ ይገኛል። ኤችቱቴስትደብሊው የተባለው ትንሽና ነጻ ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛ አቅሙን ይነግርዎታል፤ ፍላሹ ላይ ሌላ ነገር ከመገልበጥዎ በፊት ያስኬዱት። ባክአፕ የያዘው ፍላሽና ሊኑክስን ለመጫን የሚዘጋጀው ፍላሽም የተለያዩ መሆን አለባቸው፤ ሩፈስ የሚጽፍበትን ፍላሽ ሙሉ በሙሉ ይደመስሳልና።

አቅሙ ላለው ሰው ከሁሉ የሚያስተማምነው መንገድ ግን ሌላ ነው፤ 240 ጊጋባይት ያህል የሚይዝ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ፣ ገዝቶ፣ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ከላፕቶፑ አውጥቶ፣ ሊኑክስን በአዲሱ ላይ መጫን። አሮጌው ዲስክ ከነዊንዶውሱና ከነፋይሉ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ነገሩ ባይወደድ በብሎን መፍቻ ብቻ ወደ ነበረበት ይመለሳል። አሮጌው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከነበረ ማሽኑ በፍጥነቱ የሚያሳየው ለውጥም ከሊኑክሱ ይልቅ በኤስኤስዲው ምክንያት የሚመጣ ነው። ይህን መንገድ የሚከተሉ ከሆነ ቀጥሎ ያለውን የዊንዶውስ ዝግጅት መዝለል ይችላሉ።

ሁለቱን ጎን ለጎን የሚጭን ሰው ግን ዊንዶውስ ውስጥ ሦስት ነገሮችን ያከናውን። አንደኛው ቢትሎከር የተባለውን የዲስክ ምስጠራ ማየት ነው። በርቶ ከሆነ 48 አኃዝ ያለውን የማስመለሻ ቁልፍ በወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ከዚያም ምስጠራውን ያጥፉና ዲስኩ ተፈትቶ እስኪያልቅ ይጠብቁ፤ ይህ ካልተደረገ ጫኚው ቦታውን ማስተካከል አይችልም፣ ዊንዶውሱም ያንን ቁልፍ እየጠየቀ በሩን ሊዘጋብዎ ይችላል። ሁለተኛው በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ የሚገኘውን ፋስት ስታርትአፕ ማጥፋት ነው፤ ይህ ሲበራ ዊንዶውስ የጠፋ ይመስላል እንጂ በከፊል ተኝቶ ስለሚቆይ፣ ሊኑክስ ከዚያ ዲስክ ላይ በትክክል መጻፍ አይችልም። ሦስተኛው ቦታ ማስለቀቅ ነው። ዲስክ ማኔጅመንት በተባለው መሣሪያ ሲ የተባለውን ክፍል በቀኝ ጠቅ አድርገው «ሽሪንክ ቮልዩም» የሚለውን ይምረጡና ቢያንስ 50 ጊጋባይት ነጻ ያድርጉ። ሚንት በ20 ጊጋባይት ላይ መጫን ይችላል፣ ሥራ ሲሠራበት ግን ቶሎ ይጠብባል። ቦታውን በራሱ በዊንዶውስ ማሳነስ፣ ለጫኚው ከመተው ይልቅ የሚሻል ነው።

ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ሰክተው በሩፈስ የሊኑክሱን ፋይል ይጻፉበት፤ ሩፈስ ራሱ የሚያቀርባቸውን ቅንብሮች መቀየር አያስፈልግም። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ሲያበሩ ማሽኑ ከምን እንደሚነሳ የሚመረጥበትን የቡት ሜኑ ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ፤ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9፣ በአሱስ ኢስኬፕ የሚለው ቁልፍ ነው፤ በኤሰርም ኤፍ12 ሲሆን አስቀድሞ ባዮስ በተባለው የማሽኑ መሠረታዊ ቅንብር ውስጥ ማብራት ሊያስፈልግ ይችላል። ፍላሹ በሜኑው ላይ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ከታየ፣ ዊንዶውስዎ ዩኢኤፍአይ በተባለው አዲሱ የማስነሻ ዘዴ የሚነሳ ከሆነ ዩኢኤፍአይ የሚል ቅጥያ ያለበትን ይምረጡ። ያልታወቀ ሥርዓት እንዳይነሳ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡት ማጥፋት በአብዛኛው አያስፈልግም፤ ሚንትም ሆነ ኡቡንቱ ከእርሱ ጋር ይነሳሉ።

አሁን የሚከፈተው ዴስክቶፕ ከፍላሹ ላይ የሚሠራ ነው፤ ዲስክዎን ገና አልነካም። ይህን ዕድል ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ እኔ ግን በዚህ ላይ ግማሽ ቀን ቢያሳልፉ ደስ ይለኛል። ዋይፋዩ ይገናኛል ወይ? ድምፁ ይሰማል ወይ? የስክሪኑ ብርሃን ከፍና ዝቅ ይላል ወይ? ካሜራው፣ መዳሰሻው፣ ብሉቱዙስ? ክዳኑን ዘግተው ሲከፍቱ ማሽኑ ተመልሶ ይነቃል ወይ? እዚህ የሠራ ነገር ከተጫነ በኋላም ይሠራል ተብሎ ይታመናል፤ እዚህ ያልሠራ ካለ ደግሞ ከመጫንዎ በፊት መፍትሔውን ለመፈለግ ጊዜ አለዎት። ብሮድኮምና አንዳንድ ሪያልቴክ የዋይፋይ ካርዶች ተጨማሪ ሾፌር የሚጠይቁበት ጊዜ አለ። እንዲህ ሲያጋጥም ስልክዎን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝተው ከስልኩ ቅንብር «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ያብሩ፤ ሊኑክስ ወዲያው እንደ ኬብል ኢንተርኔት ይቀበለዋል፣ ሾፌሩንም በዚያው ያወርዳል።

ለመጫን ሲወስኑ ስለ መብራት ያስቡ። በከተማው ዳርቻ መብራት ሳይታሰብ የሚጠፋበት ሰፈር ብዙ ነው፤ ዲስክ ላይ እየተጻፈ ሳለ ኃይል መቋረጡ ደግሞ ሥርዓቱን ግማሽ ላይ ያስቀራል። ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕና ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ግን ዩፒኤስ ካላቸው ሰው ዘንድ ተወስደው ቢጫኑ ይመረጣል።

«ኢንስቶል ሊኑክስ ሚንት» የሚለውን ሲከፍቱ ቋንቋ ይጠየቃሉ፤ የአማርኛው ትርጉም ገና ያልተሟላ ስለሆነና እርዳታ ሲፈልጉ አብዛኛው ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ስለሚገኝ እንግሊዝኛውን ቢመርጡ ይሻላል። በአማርኛ መጻፍን ይህ ምርጫ አያግድም። ፊልምና ሙዚቃ ለማጫወት የሚረዱትን የመልቲሚዲያ ኮዴኮች ልጫን ወይ ሲል፣ ኢንተርኔት ካለ ሳጥኑን ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ የመጫኛ ዓይነት የሚል ገጽ ይመጣል፤ እዚህ ላይ እጅዎን ከማውዙ አንስተው ገጹን ቀስ ብለው ያንብቡ።

«ኢሬዝ ዲስክ» የሚለው ዲስኩን በሙሉ ይደመስሳል፤ አዲስ ኤስኤስዲ ለገጠመ ወይም ዊንዶውስን ጨርሶ ለተወ ሰው ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው። አስቀድሞ ቦታ ያስለቀቀ ሰው ግን «ሰምቲንግ ኤልስ» የሚለውን ይምረጥ። በሚወጣው ሠንጠረዥ ላይ ክፍልፋዮቹ በረድፍ ተደርድረው ይታያሉ፤ ኤንቲኤፍኤስ የሚሉት የዊንዶውስ ናቸው፣ ኢኤፍአይ የምትለዋ ትንሿ ክፍል የማስነሻው ናት፣ «ፍሪ ስፔስ» የሚለው ረድፍ እርስዎ ያስለቀቁት ነው። መጠኑን ከዚያ ካስለቀቁት ጋር ያስተያዩ። ዊንዶውስ 465 ጊጋባይት እያለ የሚያሳየውን ዲስክ ጫኚው 500 ቢለው አይደንግጡ፤ ልዩነቱ የአቆጣጠር እንጂ የዲስክ አይደለም። ፍሪ ስፔሱን መርጠው የመደመር ምልክቷን ይጫኑ፣ ዓይነቱን ኢኤክስቲ4 የተባለውን የሊኑክስ የፋይል አደረጃጀት፣ ማውንት ፖይንቱን አንዲት ስላሽ (/) ምልክት ያድርጉ። በሌላ በማንኛውም ረድፍ ላይ «ፎርማት» የሚለው ሳጥን ምልክት እንዳይኖርበት ይመልከቱ።

«ኢንስቶል ናው» ሲሉ የሚለወጡትን ክፍልፋዮች የሚዘረዝር የመጨረሻ ማረጋገጫ ይወጣል። መመለሻ የሌላት ቅጽበት ይህች ናት። የተዘረዘረው ከጠበቁት ውጭ ከሆነ «ጎ ባክ» ይበሉ፤ እስካሁን ምንም አልተጻፈም። ከተስማማ ይቀጥሉ፣ የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ ያድርጉ፣ ስምና የይለፍ ቃል ይስጡ። የይለፍ ቃሉ ፕሮግራም በጫኑ ቁጥር ስለሚጠየቅ የማይረሱትን ይምረጡ።

ጫኚው ሲጨርስ ሪስታርት ያድርጉና ሲጠይቅዎ ፍላሹን ይንቀሉ። ጎን ለጎን ከጫኑ ግራብ የተባለ ጥቁር ሜኑ ወጥቶ ሊኑክስን ወይም ዊንዶውስን እንዲመርጡ ይጠይቃል። ሜኑው ሳይታይ በቀጥታ ዊንዶውስ ከተነሳ ሥራው አልከሸፈም፤ ባዮስ ውስጥ ገብተው የቡት ቅደም ተከተሉን ኡቡንቱ የሚለው እንዲቀድም ያድርጉ፤ ሚንትም በዚሁ ስም ሊመዘገብ ይችላል። ሁለቱን በሚያፈራርቁበት ጊዜ ደግሞ የዊንዶውሱ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር፣ ዊንዶውስ ግን በአካባቢው አቆጣጠር ስለሚይዙ ነው፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ይስተካከላል።

ከተጫነ በኋላ መጀመሪያ የሚከፈተው ታይምሺፍት ነው። የሥርዓቱን ፎቶ አንስቶ ስለሚያስቀምጥ፣ ማሻሻያ ቢያበላሽ ወደ ቀደመው ሁኔታ ይመልስዎታል፤ የግል ፋይሎችን ግን በራሱ አያስቀምጥምና የውጫዊው ዲስክ ባክአፕ ይቀጥል። ቀጥሎ አፕዴት ማኔጀርን ያስኬዱ፤ የመጀመሪያው ማሻሻያ ብዙ ዳታ ሊወስድ ስለሚችል ዋይፋይ ባለበት ቦታ ቢሆን ይመረጣል።

ለአማርኛ ጽሑፍ አይባስና ኤም17ኤን የተባሉትን ጥቅሎች ከሶፍትዌር ማኔጀር ይጫኑ፣ ወጥተው ይግቡና ከግብዓት ዘዴዎች ውስጥ ሴራ (SERA) የተባለውን የአማርኛ አጻጻፍ ይጨምሩ። በዚህ አጻጻፍ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም የሚሉትን ቁልፎች በተከታታይ ሲመቱ «ሰላም» የሚለው ይወጣል። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ የተባሉት ፊደሎች ካልተጫኑ እነርሱንም ያክሉ። ዩኒኮድ ከተባለው የዛሬው ዓለም አቀፍ የፊደል አመዘጋገብ ውጭ በሆኑ የቆዩ የግዕዝ ፊደሎች የተጻፉ ሰነዶች ካሉዎት ግን በሊብሬኦፊስ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይታያሉ፤ እነርሱን ዊንዶውሱ ሳይጠፋ ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው ያስቀምጡ። አዲስ የሚጽፉትንም ኮፒ ቤት ወስደው ለማሳተም ሲፈልጉ በሊብሬኦፊስ ሜኑ ወደ ፒዲኤፍ አውጥተው ይውሰዱት፤ እዚያ ያለው ኮምፒውተር የትኛውም ቢሆን የገጹ አቀማመጥ አይናወጥም።